ያልተቆጠረው ትንፋሽ

ነርስ ለመሆን የሚማሩ ልጆቻችን ሙያንና ሥነ ምግባርን ከየት ይማራሉ?

እስቲ ለአንድ አፍታ ራስዎን በአንድ ሆስፒታል የወሊድ ክፍል ደጃፍ ላይ ቁጭ አድርገው ያስቡ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኗል። ባለቤትዎ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አመሻሹ ላይ ራሷን ክፉኛ አሟት፣ ዓይኗም ብዥ ብሎባት በታክሲ ይዘዋት መጡ። የደም ግፊቷ ሲለካ 170/110 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ግፊቱ ወደ መንቀጥቀጥ እንዳይወስዳት ማግኒዚየም ሰልፌት የተባለ መድኃኒት አዘዘላት። የመጀመሪያውን ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ወሰደች፤ አሁን የሚቀጥለው መርፌ የሚሰጥበት ሰዓት ደርሷል።

ተረኛዋ ነርስ በምጥ ላይ ካለች ሌላ እናት ዘንድ ናት። ወደ ባለቤትዎ አልጋ የመጣችው ነጭ ጋውን የለበሰች፣ ገና ሃያ ዓመት እንኳ ያልሞላት የነርሲንግ ተማሪ ናት። ሥራዋ የደም ግፊቱን፣ የልብ ምቱን፣ ሙቀቱንና ትንፋሹን ለክታ ካርዱ ላይ መጻፍ ነው፤ ነርሷም መጥታ መርፌውን የምትሰጠው ይህንኑ አይታ ነው። ተማሪዋ ካርዱን ገለጠችው። ከእርሷ በፊት የነበሩት በትንፋሽ መስመር ላይ 20፣ 20፣ 20 ብለው ጽፈዋል። እግሯ ዝሏል፤ ገና ስድስት አልጋ ይቀራታል። ትንፋሽ ለመቁጠር አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጭ ብሎ ደረትን ማየት ያስፈልጋል። 20 ብሎ ለመጻፍ ግን ሁለት ሰከንድ ይበቃል። የሚያያት ሰው የለም። እርስዎም ያሉት ውጭ ነው።

ምን የምትጽፍ ይመስልዎታል?

አንድ ቁጥር ምን ያደርጋል?

ማግኒዚየም ሰልፌት በእርግዝና ጊዜ የሚመጣው የደም ግፊት ወደ መንቀጥቀጥ እንዳይደርስ፣ ከደረሰም እንዳይደገም የሚሰጥ፣ የብዙ እናቶችን ሕይወት ያተረፈ መድኃኒት ነው። ነገር ግን በሰውነት ውስጥ ከልክ በላይ ከተጠራቀመ ጡንቻን ያደክማል። በመጀመሪያ ጉልበት በትንሿ መዶሻ መታ ሲደረግ እግር የሚዘልበት ምላሽ ይጠፋል፤ ቀጥሎ ትንፋሽ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ሊቆም ይችላል። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ስለሆነ ሽንቷ የቀነሰ እናት ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጠች ናት።

ስለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚቀጥለው መርፌ ከመሰጠቱ በፊት ሦስት ነገሮች እንዲረጋገጡ ያዝዛል። ትንፋሿ በደቂቃ ቢያንስ 16 መሆን አለበት፤ የጉልበቷ ምላሽ መኖር አለበት፤ ባለፉት 4 ሰዓታት የወጣው ሽንቷም በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መርፌው ይቆያል። ትንፋሽ ከቆመ ደግሞ ማርከሻ አለው፤ ካልሲየም ግሉኮኔት ይባላል። ማርከሻው የሚጠቅመው ግን አደጋውን ያየ ሰው ካለ ብቻ ነው።

አሁን እንግዲህ ያንን 20 መልሰው ይመልከቱት። ትንፋሿ 12 የደረሰ እናት ካርዷ ላይ 20 ከተጻፈላት፣ ነርሷ ካርዱን አምና መርፌውን ትወጋለች። ነርሷ አልዋሸችም፤ ሐኪሙም በትክክል አዝዟል፤ መድኃኒቱም ትክክለኛ ነው። በመካከሉ ግን አንድ ያልተቆጠረ ትንፋሽ አለ።

ያቺ ተማሪ የማን ናት?

እስካሁን ያሰቡት እንደ ባል ሆነው ነው። አሁን ደግሞ ቦታዎን ይለውጡ። ያቺ ተማሪ የእርስዎ ልጅ ብትሆንስ? በቤተ ክርስቲያን የልጆች አገልግሎት ያደገች፣ በመዘምራን መካከል ቆማ ያዩአት፣ ዩኒቨርሲቲ የገባች ዕለት ጎረቤት ጠርተው እግዚአብሔርን ያመሰገኑላት ልጅ ብትሆንስ? ወይም ሁለት ልጆች ከወለደች በኋላ ደብተር ይዛ ነርሲንግ መማር የጀመረች የገዛ ባለቤትዎ ብትሆንስ?

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ነገር ስንሰማ "የእኔ ልጅ ይህን አታደርግም" እንላለን። ነገር ግን ያልቆጠሩትን ቁጥር የሚጽፉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። የደከሙ፣ የተጣደፉ፣ ከእነርሱ የሚበልጡት ሲያደርጉት ያዩ፣ "አላደረስኩም" ብሎ መናገርን የሚፈሩ ደኅና ልጆች ናቸው። ጥፋቱ የሚጀምረው ሰውን ለመጉዳት ከመፈለግ አይደለም፤ ከመቆጣት፣ ከመሳቅና ከመናቅ ለመዳን ከመፈለግ ነው። ስለዚህ "ልጄ ጨዋ ናት" ብሎ መተኛት አይበቃም። ጨዋነቷ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ እግሯ ዝሎ ሳለ እንዲሠራ የሚያደርገው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ማወቅና ማድረግ

ጆርጅ ሚለር የተባሉ አሜሪካዊ የሕክምና ትምህርት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጽሑፍ የባለሙያን ብቃት በአራት ደረጃ ከፋፍለው አስቀምጠዋል። የመጀመሪያው ማወቅ ነው። ሁለተኛው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ነው። ሦስተኛው በፈታኝ ፊት ሠርቶ ማሳየት ነው። አራተኛውና የላይኛው በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ማድረግ ነው። ያቺ ተማሪ ትንፋሽ ስንት መሆን እንዳለበት ብትጠየቅ ትመልሳለች። ቁጠሪ ብትባልም አስተማሪዋ ፊት አሳምራ ትቆጥራለች። ሦስቱን ደረጃ አልፋለች። የባለቤትዎ ሕይወት የተንጠለጠለው ግን በአራተኛው ላይ ነው።

በአገራችን ለጤና ባለሙያዎች በርካታ ምዘናዎች አሉ። በቴክኒክና ሙያ ለሚሠለጥኑት ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና አለ። የጤና ሚኒስቴር ለዲግሪ ተመራቂዎች የሙያ ፈቃድ ፈተና መስጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም በ2015 ዓ.ም. ተጀምሯል። እነዚህ ፈተናዎች አስፈላጊ ናቸው፤ ያላወቀውን ይለያሉ። እያወቀ ያላደረገውን ግን ወረቀት አይለየውም።

ተማሪዎች ለልምምድ ወደ ሆስፒታል ሲወጡ የሠሩትን ሥራ የሚያስፈርሙበት መዝገብ ይሰጣቸዋል። ይህን ያህል መርፌ መውጋት፣ ይህን ያህል ቁስል ማጠብ፣ ይህን ያህል እናት ማዋለድ ይጠበቅባቸዋል። የልምምዱ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ያልተሠራውን እንደተሠራ አድርጎ ማስፈረም፣ ለጓደኛ መፈረም፣ "ሁሉም ያደርገዋል" ማለት ይመጣል። ይህ ከፈተና ኩረጃ ይከፋል። በኩረጃ የተገኘ ውጤት ወረቀቱን ብቻ ያበላሻል፤ ያልሠሩትን ሠራሁ ብሎ መፈረም ግን ነገ አንድ ሕፃን በእጅ ይዞ "እንዴት ነበር የሚደረገው?" ማለትን ያመጣል።

ጀማሪ መሆን አያሳፍርም። ፓትሪሻ ቤነር የተባሉ የነርሲንግ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ ነርስ ከጀማሪነት ተነስታ አምስት ደረጃዎችን አልፋ ወደ አዋቂነት እንደምትደርስ፣ ይህም በሥራ ላይ በሚገኝ ልምድ እንጂ በአንድ ቀን እንደማይሆን አሳይተዋል። የእኛንም አገር ታሪክ ካየን፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር ነርስነት ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 ከለንደኑ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ብቁነቷን አረጋግጣ ወጥታለች። የዚያ ዘመን የነርስ ትምህርት ከላይ አይጀመርም፤ መግቢያው አልጋ ማንጠፍ፣ ዕቃ ማጠብና ከሕፃን አጠገብ ማደር ነበር። ልዕልቲቱ ወደ አገሯ ተመልሳ ብዙም ሳትቆይ እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣትነቷ አረፈች። የንጉሥ ልጅ ከታች ጀምራ ከተማረች፣ የእኛ ልጅ "ይህን ገና አልቻልኩም፤ ያሳዩኝ" ብትል ምን ይነካታል?

ባዶ ቦታ ከሐሰት ቁጥር ይሻላል

እዚህ ላይ ለተማሪዎቹም መፍረድ ይገባል። አንዳንዴ በአንድ አልጋ ዙሪያ አሥራ አምስት ተማሪ ይቆማል። ጓንት የሚጠፋበት፣ የግፊት መለኪያው የሚበላሽበት ጊዜ አለ። የሚያስተምራቸው ሰው ራሱ በሥራ ተወጥሮ አጠገባቸው ላይኖር ይችላል። ይህን ሁሉ ተማሪ ብቻውን አያስተካክለውም፤ የትምህርት ቤቱና የሆስፒታሉ ኃላፊዎች ድርሻ ነው።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ ችግር መካከል ከተማሪው እጅ የማይወጣ አንድ ነገር አለ። ያልቆጠረውን አለመጻፍ ይችላል። በካርዱ ላይ የቀረ ባዶ ቦታ ይናገራል። ነርሷ ባዶውን ስታይ "ትንፋሿ አልተቆጠረም?" ብላ ትጠይቃለች፤ ራሷም ቁጭ ብላ ትቆጥራለች። የሐሰት ቁጥር ግን አፍ ይዘጋል። ሁሉም ነገር ደኅና ነው ብሎ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ያሳልፋል። ባዶ ቦታ የተወች ተማሪ ትቆጣ ይሆናል፤ እናቲቱ ግን ትተርፋለች።

ተማሪው እርስዎ ራስዎ ከሆኑ ይህን ያስታውሱ፤ "አልቆጠርኩም"፣ "አላውቀውም"፣ "እርግጠኛ አይደለሁም" የሚሉት ቃላት የስንፍና ቃላት አይደሉም። በሙያው ውስጥ ካሉት ጠቃሚ ቃላት መካከል ናቸው። መድኃኒት ከመስጠትዎ በፊት የተማሯቸውን አምስቱን ነገሮች፣ ማለትም ትክክለኛውን ታካሚ፣ ትክክለኛውን መድኃኒት፣ ትክክለኛውን መጠን፣ ትክክለኛውን የአሰጣጥ መንገድና ትክክለኛውን ሰዓት ሲያረጋግጡ በአንዱ እንኳ ከተጠራጠሩ እጅዎን ይሰብስቡና ይጠይቁ።

ስህተትን መናገር የሚለመደው ቤት ነው

እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የወጣ አንድ ትልቅ ዘገባ፣ በዚያች አገር ሆስፒታሎች ውስጥ በሕክምና ስህተት ምክንያት በየዓመቱ ከ44,000 እስከ 98,000 ሰዎች እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር። ይህን ያህል መሣሪያና ባለሙያ ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ ስህተት የማይገኝበት ሆስፒታል የለም ማለት ነው። የዘገባው ዋና ምክርም የተሳሳተውን ሰው እያደኑ መቅጣት ብቻውን እንደማይጠቅም፣ ስህተት በግልጽ ተነግሮ አሠራሩ እንዲታረም መደረግ እንዳለበት የሚገልጽ ነበር። አበው "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ያሉት ለሐኪምም ለነርስም ይሠራል።

ታዲያ አንድ ወጣት ስህተቱን ወዲያው የመናገር ድፍረት ከየት ያመጣል? በመማሪያ ክፍል ውስጥ አንድ ምዕራፍ ስለ ሥነ ምግባር ይማራል። ከዚያ በፊት ግን አሥራ ስምንት ዓመት ከእርስዎ ጋር ኖሯል።

በቤትዎ ውስጥ ብርጭቆ የሰበረ ልጅ ምን ይገጥመው እንደነበር ያስታውሱ። "እኔ ነኝ የሰበርኩት" ያለው ተገርፎ፣ "ድመቷ ናት" ያለው አምልጦ ከሆነ፣ ልጆችዎ ትልቅ ትምህርት ተምረዋል። ዘጠና አምስት ያመጣው ተመስግኖ፣ "አልገባኝም" ያለው "የሰው ልጅ የት ደርሷል!" ተብሎ ከሆነ፣ እነዚያ ልጆች አለማወቅን መደበቅ ለምደዋል። ያ ልማድ ነጭ ጋውን ሲለበስ አይወልቅም። የአለቃ ነርስ ቁጣ ሲመጣ ልጅቷ የምትሰማው የአባቷን ድምፅ ነው።

ይህ ለመውቀስ አይደለም፤ አሁንም ጊዜ አለ። ልጅዎ ከልምምድ ሲመለስ የምንጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ "ስንት አገኘህ?" ብለን ነው። በምትኩ "ዛሬ ያቃተህ ምን ነበር? ለማን ነገርክ?" ብለው ይጠይቁ። ሲነግርዎት አይደንግጡ፣ አይቆጡ፤ እስከ መጨረሻው ይስሙ። ከዚያም የራስዎን የሥራ ቀን ስህተት ይንገሩት። አባቱ "ዛሬ ሒሳብ ተሳስቼ ለአለቃዬ ነገርኩ" ሲል የሰማ ልጅ፣ ስህተትን መናገር ሰውን እንደማያዋርድ በዓይኑ አየ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ማለት ይህ ነው።

ካርድ ላይ የማይጻፈው

ብቃት እጅ ብቻ አይደለም፤ አንደበትም ነው። በሆስፒታል ውስጥ ሰው በቀላሉ ስሙን ያጣል። "አልጋ 7 ግሉኮሷ አልቋል" ይባላል። አልጋ 7 ግን ስም ያላቸው፣ ልጅ ያሳደጉ፣ በሰፈራቸው "እማማ" ተብለው የሚከበሩ እናት ናቸው። አንቱ ብሎ ማናገር፣ ምን ሊደረግላቸው እንደሆነ አስቀድሞ መንገር፣ ገላቸው ሲታይ መጋረጃ መሳብ፣ መጋረጃ ከሌለ ሁለት ተማሪ ጋቢ ይዞ መቆም ገንዘብ አይጠይቅም። ታካሚን ከመንካት በፊትና በኋላ እጅ መታጠብም እንዲሁ የክብር ምልክት ነው፤ በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ብቻ ይወስዳል።

በእኛ በአማኞች ዘንድ ደግሞ ለየት ያለ ፈተና አለ። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1953 ያጸደቀውና በ2021 እንደገና ያሻሻለው የሥነ ምግባር ደንብ የታካሚ ምስጢር እንዲጠበቅ ይጠይቃል። ተማሪዎቻችን ምስጢሩን በታክሲ ውስጥ አያወሩት ይሆናል። በጸሎት ኅብረት መካከል ግን "እንጸልይላት፤ የእገሌ ሚስት ደሟ ተመርምሮ እንዲህ ሆነባት" ይባላል። የጸሎት ርዕስ የሆነ ምስጢርም የወጣ ምስጢር ነው። ሊጸልዩላት ከፈለጉ ስሟን ለሰው መንገር አያስፈልግም፤ እግዚአብሔር ያውቃታል። በታካሚ አልጋ አጠገብ መጸለይም ቢሆን ታካሚው ፈቅዶና ፈልጎ እንጂ፣ አቅም አጥቶ ተኝቷልና እንቢ አይልም ተብሎ መሆን የለበትም። ከታካሚ ጋር ፎቶ ተነስቶ በስልክ መልቀቅ ደግሞ በምንም ስም ቢጠራ ተገቢ አይደለም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ያለውን የሳምራዊውን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ስለ ርኅራኄው ነው። እስቲ እጁን ደግሞ ይመልከቱት። ቁስሉን በምን እንደሚያጥብ ያውቅ ነበር፤ አሰረው፤ በራሱ እንስሳ ጭኖ ወሰደው፤ አድሮም አስታመመው፤ ሲሄድ ለሚተካው ሰው ገንዘብ ሰጥቶ፣ አደራ ብሎ፣ ተመልሶ እንደሚመጣም ነግሮ ሄደ። ርኅራኄው በሥራ አዋቂነት ተገለጠ። አዝኖ ሳያስር ቢያልፍ ኖሮ ቁስለኛው ይሞት ነበር።

ባለቤትዎ ተማሪ ከሆነች

ባለትዳር ሆነው የሚማሩ ነርሶች ጥቂት አይደሉም። ሌሊቱን በሆስፒታል አድራ የመጣች ሚስት "ቁርስ የታለ?" ተብላ ከተቀበለች፣ ልጅ አጥባ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ማታ እንደገና ተረኛ ከሆነች፣ ትንፋሽ የምትቆጥርበት አንድ ደቂቃ ከየት ይመጣል? ድካም ሰውን ግድየለሽ ያስመስለዋል። በእርስዎ ቤት የተነፈገች እንቅልፍ በሌላ ሰው ሚስት አልጋ አጠገብ ትጎድላለች። ስለዚህ በዚያ ጠዋት ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ በሩን መዝጋት፣ ስልኳን ማጥፋትና እንድትተኛ መተው ለማታውቁት ታካሚ የሚደረግ አገልግሎት ነው። ሚስቶችም ለሚማሩ ባሎቻችሁ እንዲሁ አድርጉ።

ወደዚያ ሌሊት እንመለስ። ተማሪዋ እስክሪብቶውን ይዛ ቆማለች። እንበልና 20 ብላ ልትጽፍ ስትል ተወችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሰዓቷን አየች፤ የባለቤትዎን ደረት እያየች አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። 13 ሆነ። ተነሥታ ወደ ተረኛዋ ነርስ ሄደችና "ሲስተር፣ ትንፋሿ 13 ነው፤ መርፌው ይቆይ?" አለች።

እርስዎ በሩ ላይ እንደተቀመጡ ነዎት። ውስጥ ምን እንደሆነ ምናልባት መቼም አያውቁም። ሲነጋ ባለቤትዎ ውኃ ስጡኝ ትላለች፤ እርስዎም እግዚአብሔር ይመስገን ይላሉ። የተማሪዋን ስም የጠየቀ የለም።

እርሷ ግን ስህተቷን ስትናገር ሰምተው ያልጮሁባት አባትና እናት የነበሯት ልጅ ልትሆን ትችላለች። ዛሬ ማታ በእርስዎ ማዕድ ዙሪያ የምትቀመጠው ልጅም እንዲህ ያለች ልትሆን ትችላለች።